የአዞው ልክ

መምህር ሙሉሰው ከቡሬ ገበያ የገዟቸውን፣ ውኃ ውስጥ ሲነከሩ የሚያድጉ ትንንሽ የአዞ መጫወቻዎች ለአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች በየቡድኑ አደሏቸው። እድገቱን በትክክል የመዘገበ ቡድን በወላጆች ቀን ያቀርባል። በክፍሉ ያለው ማስመሪያ አንድ ብቻ ስለነበር የእነ ሀብትነሽ ቡድን እንደ ቤታቸው ልማድ በጣት ለካ። ሰኞ ሀብትነሽ ስትለካው አዞው አራት ጣት ሆነ። ማክሰኞ ከውኃው አውጥቶ ገነነ ለካው፤ አሁንም አራት።

«የእናንተ አዞ ጾም ይዟል» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ።

ሀብትነሽ ግን አዞው ማደጉን በዓይኗ አይታለች። የገነነን እጅ ሳብ አድርጋ ከራሷ ጋር አስተያየችው። ገነነ ትምህርት ቤት የገባው ሁለት ክረምት ካረሰ በኋላ ነው፤ የእሱ አንድ ጣት የእሷን አንድ ተኩል ያህላል።

«ቲቸር፣ አዞው አድጓል። የተለወጠው ለኪው ነው» አለችና በራሷ ጣት ደግማ ለካች፤ ስድስት ሆነ።

መምህሩ በማስመሪያው አረጋገጡ። «ስህተቱን ራሱ ያገኘ ቡድን ይኸ ብቻ ነው። ወላጆች ፊት ማን ያቅርበው?»

«እሷ እንጂ» አለ ገነነ። «የኔ ጣት ለእርፍ እንጂ ለአዞ አልተሠራም።»

ሀብትነሽ ደብተሯን ገለጠች። አራት የሚለውን ሳትሰርዝ ከጎኑ «በገነነ ጣት» ብላ ጻፈች። ከሥሩም ጎላ አድርጋ «ስድስት፣ በሀብትነሽ ጣት» አለች።