መንደሩ ከዕድሩ ሊወጣ ሲል

"ድንኳን በመቀስ ይቆረጣል ወይ?" አለ ኪዳኑ፣ እጁን ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ዘርግቶ። "ድስቱስ? አግዳሚውስ? ስንት ዘመን አብረን ያዋጣነውን በምን እንካፈለው?"

ከከተሜዎቹ በኩል ሳቅ ተነሣ። ከመንደሮቹ በኩል የሳቀ የለም። የአንድነት ዕድር አባላት ከቅዳሴ መልስ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ ላይ ተሰብስበዋል። ማንም ሳያዛቸው፣ ከእንጅባራ ከተማ፣ በድሮ ስሟ ከቆሰበር፣ የመጣው በአንድ ወገን፣ ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ የመጣው ገበሬ በሌላ ወገን ተቀምጧል። መሐላቸው ፈረስ የሚያሳልፍ ባዶ ቦታ ነበር። የዕለቱ ጉዳይ አንድ ነው፤ የዘንገና መንደሮች ከትልቁ ዕድር ወጥተው ራሳቸውን ይቻሉ ወይስ አብረው ይቆዩ? በደንቡ መሠረት ከተሜው ሐሳቡን ይናገራል፤ እጁን አውጥቶ የሚወስነው ግን መንደሩ ብቻ ነው።

አዝመራው ከድንጋዩ ላይ ተነሣ። ነገሩን ቆስቁሶ እዚህ ያደረሰው እሱ ነው። ድንች አምራች ገበሬ ነው፤ በዕድሩ ውስጥ የመንደሮቹ ዳኛም ነው። ኪዳኑ ደግሞ አማቹ ነው፤ የልጁ የፀደይ ባል፣ በከተማው የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ምላሱ የተባ ሰው። ዛሬ አማችና አማት በሰው ፊት ይሟገታሉ።

"ድንኳኑን ውሰዱት" አለ አዝመራው። "እኛ ለድስት ብለን አይደለም የምንወጣ። እናንተ ቆሰበሮች፣ እናንተ ዘንድ ሰው ሲሞት ቆፋሪው ማነው? እኛ። ቃሬዛ ተሸካሚውስ? እኛ። እኛ ስንሞትሳ? የቅጣት ገንዘባችሁን በባጃጅ ትልካላችሁ! ሬሳ በቅጣት ገንዘብ ተነሥቶ ያውቃል?"

"እውነት ነው!" አሉ መንደሮቹ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች በአውንጊ አጉረመረሙ። ከከተሜው ግማሹ ምን እንዳሉ አልገባውም፤ ኪዳኑም አንዱ ነው። ቋንቋቸውን ለመስማት የደከመ አለመኖሩ ራሱን የቻለ ቅሬታ ነበር።

ቂሙ የአዝመራው የራሱም ነው። ባለፈው ክረምት ሚስቱን ስሜነሽን ሲቀብር ከከተማ የመጣው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ኪዳኑ መጥቷል፤ አይካድም፣ በጭቃው ውስጥ አብሮ ተሸክሟል። የኪዳኑ እናት እትዬ ደብሪቱ ግን ከአስፋልቱ አልወረዱም። ጃንጥላቸውን ዘርግተው መንገድ ዳር ቆሙና "ጭቃው አላሳልፍ አለኝ" ብለው ተመለሱ። ሰው ይረሳል ይባላል፤ አዝመራው አልረሳም፣ ሊረሳም አልፈለገም።

ሰብሳቢው መምህር ሀይለመለኮት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አያ አዝመራው፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ መምህር። ሁልጊዜ የሚጎተተው ድር ግን የኛው ነው።"

"አገር ልትሆኑ ነው እንግዲህ!" አለ አንድ ከተሜ ከኋላ። "አንቀጽ ሠላሳ ዘጠኝን ጥቀሱና ባንዲራም አሰፉ!"

"ብናሰፋስ?" ምንይችል ብድግ አለ። የመንደሩ ጎረምሶች አውራ ነው፤ ሳምንቱን አዲስ ቅዳም ከተማ አጠገብ ከሰል ሲያከስል ይሰነብታል። "የገባ ሁሉ መውጣት ይችላል፣ ደንቡ ላይ አለ። መብታችን ነው!"

"መብቱስ መብት ነው" አለች ይታይሽ፣ ከመንደሩ ሴቶች መሐል። ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። "ግን አንተ ነገ አዲስ ቅዳም ነህ። ባልንጀሮችህም እንዳንተው። እኔ ማክሰኞ ብሞት ማን ሊሸከመኝ ነው? እነዚህ ሽማግሎች?"

"እሑድን ጠብቀሽ ሙቺያ!" አላት አንዱ ሽማግሌ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ወገን አብሮ ሳቀ።

ኪዳኑ ሳቁ እስኪበርድ አልጠበቀም። "አባባ፣ እኔ የእርስዎ ልጅ ነኝ። እርስዎ በሌላ ዕድር፣ እኔ በሌላ ዕድር ከሆንን፣ ፀደይን የት ልናቆማት ነው? ክፉ ቀን ሲመጣ እንደ ባዳ መንገድ ዳር ትቁም?"

ይህኛው አዝመራውን ወጋው። መልስ ፍለጋ አፉን ሲከፍት ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ፀደይ ናት። ሰብሳቢውን በእጁ ይቅርታ ጠይቆ ወደ ጥዶቹ ፈቀቅ አለ።

"አባዬ፣ ብቻህን ነህ?" ድምፅዋ ታፍኗል።

"ብቻዬን ነኝ። ምነው?"

"እማማ ደብሪቱ አረፉ። አሁን፣ እጄ ላይ። ጠዋት ተሽሏቸው ነበር እኮ፤ ኪዳኑ ከወጣ በኋላ ሾርባ እንኳ ጠጥተው ነበር።" ትንፋሿ ተቆራረጠ። "በስልክ እንዴት አረዳዋለሁ? ነውር ነው። ጎረቤቱም እሱ እስኪገባ አናለቅስም ብሎ አፉን ይዟል። አንተ እንደ ወጉ ይዘኸው ና። እዚያ እንዳያውቅ።"

"እሺ ልጄ።"

አዝመራው ስልኩን ዘግቶ ግንዱን ተደገፈ። መጀመሪያ የመጣበት ነገር፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ሐዘን አልነበረም። ሞት ከተሰማ ስብሰባ ይበተናል፤ የዕድሩ ሕግ ነው። ከተበተነ ድምፁ ቀረ። ጎረምሶቹ ነገ ወደ ከሰላቸው ይመለሳሉ፤ ለቅሶ ደግሞ ልብ ያለሰልሳል፣ አብሮ የቀበረ ሰው በማግስቱ እንለያይ ለማለት ያፍራል። ይህችን ቀን መቼም አያገኛትም። ትንሽ ዝም ቢል ግን እጅ ይወጣል፣ መንደሩ ራሱን ይችላል፣ የደብሪቱንም መቃብር ከተሜው ራሱ ይቆፍራል። ይቆፍራ!

ዝም ቢልስ ምን ነውር አለው? ልጁ ራሷ እንዳያውቅ ብላዋለች። መርዶ በአደባባይ አይነገርም። ወጉ ራሱ አፍህን ያዝ እያለው ማን ይወቅሰዋል? አዝመራው ደስ አለው። ደስ እንዳለው ሲያውቅ ደግሞ ፊቱ በእፍረት ጋለ።

ሲመለስ ኪዳኑ ጠጋ አለው። "ፀደይ ናት እንዴ አባባ? እናቴ ደህና ናት?"

አዝመራው ዐይኑን ወደ ሜዳው አሻገረ። "ጠዋት ሾርባ ጠጥተዋል አለችኝ።"

"ተመስገን!" ኪዳኑ የአማቱን ትከሻ ነካ አድርጎ ፈገግ አለ። "እንግዲያ ይዘጋጁ፣ እኔ ገና አልጨረስኩም።"

አዝመራው ውሸት አልተናገረም። ይህ ልጅ ግን ባለፈው ክረምት ጫማውን ጭቃ ውጦበት በባዶ እግሩ ስሜነሽን ተሸክሟል። አሁን እናቱ ሞታ በሰው ፊት ይስቃል፤ የሚያስቀው ደግሞ እሱ፣ አዝመራው ነው።

"ክርክሩ ይብቃ" አሉ መምህር ሀይለመለኮት። "ከዕድሩ እንውጣ የምትሉ እጃችሁን አውጡ!"

የምንይችል እጅ ቀደመ። የጎረምሶቹ ተከተለ። ትልልቆቹ ግን እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ እንደያዙ ወደ አዝመራው ተመለከቱ። እሱ ካወጣ ሁሉም ያወጣል፤ ይህን ከተሜውም ያውቀዋል።

"አያ አዝመራው፣ እርስዎስ?" አሉ ሰብሳቢው።

"እጃችሁን አውርዱ" አለ አዝመራው።

"ምን?" ምንይችል ጮኸ። "አያ፣ ፈሩ እንዴ?"

"አልፈራሁም። መውጣቱን ዛሬም እፈልገዋለሁ። ሌላ ቀን ጥሩን፣ ያኔ ተሁሉ በፊት እጄን አወጣለሁ። የዛሬው ግን ይቅር።" ከዚያ ወደ መንደሮቹ ዞሮ፣ ስም ሳይጠራ፣ በአውንጊ ጥቂት ቃል ጨመረ።

የወጣው እጅ አንድ በአንድ ወረደ። ይታይሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ከከተሜው ቋንቋውን የሚሰሙት ሰዎችም ተነሡ።

"ምን አሏቸው?" አለ ኪዳኑ ወዲያ ወዲህ እያየ።

"ና ልጄ፣ ቤት እንሂድ።" አዝመራው ክንዱን ያዘው። "ፀደይ ጠርታናለች።"

ኪዳኑ ክንዱን የያዘውን እጅ አየ። የቆመውን ሕዝብ አየ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። እንደ ልጅ ተመርቶ ተራመደ።

ሜዳውን ሳይጨርሱ ምንይችል ደረሰባቸውና አዝመራውን ወደ ጎን ሳብ አደረገው። ፊቱ ጠቁሯል። "ድምፁ ከቀረ ቆፋሪዎቹ እኛው ነን ማለት ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ያኔ ተአስፋልቱ ላልወረዱት ሴትዮ?"

"አዎ፣ ለሳቸው።"

"ልጆቹ እሺ አይሉኝም አያ። እንዴት ብዬ ነው የማዛቸው?"

በዕድሩ ሥርዓት ዳኛ ያዛል እንጂ ዶማ አይዝም። አዝመራው ወደ ኪዳኑ ተመለከተ፤ ልጁ ብቻውን ቆሞ ይጠብቀዋል።

"አትዘዛቸው" አለ። "ይሄን ልጅ እናቱ ዘንድ አድርሼ እመጣለሁ። ለኔ አንድ ዶማ አምጣልኝ።"