የሰደፉ ልክ

ዴልማር ጠመንጃ ሊለውጥ ነው የሚለው ወሬ ከመንደሩ ምግብ ቤት ተነስቶ ወንዙ ማዶ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ሰው ቢገረም አይፈረድበትም። ዴልማር ከአባቱ የወረሳትን፣ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ በእጅ የምትቀባበለውን አሮጌ ጠመንጃ ሲያሞግስ ነው የኖረው። ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ ግማሽ አውቶማቲክ የያዘ ሰው ሲያይ ደግሞ «ጥይት እየረጨህ አትክልት ልታጠጣ ነው እንዴ?» እያለ ያበሽቅ ነበር።

አሁን ግን ጨንቆታል። ባለፈው ጸደይ ኮዮቴዎች፣ እነዚያ ቀጫጭን የዋዮሚንግ ቀበሮዎች፣ ከግልገሎቹ ሩቡን ጨርሰውበታል። በጋው ሲያልቅ እሱና ሚስቱ አርዲስ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ተስማሙ፤ የሚመጣውም ጸደይ እንዲሁ ከሆነ በጎቹን ሸጠው፣ ቤቱን ዘግተው፣ ከተማ ልጃቸው ሮንዳ ዘንድ ይገባሉ። ሮንዳ ከወዲሁ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታላቸዋለች። ዴልማር የቀለሙን ዓይነት እንኳ አልጠየቀም። ልጁን ይወዳታል፤ ግን ማለዳ በር ሲከፍት በግ የማያይበት ቤት ለእሱ ቤት አይደለም። የአርዲስም ሐሳብ ያው ነው፤ እሷ ግን ሲከፋት የግልገሎቹን ጡጦ ታጥባለች።

ችግሩ ሁለተኛው ኮዮቴ ነው። በጸደይ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። ዴልማር ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ መጥሪያውን ይነፋል። መጥሪያው የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት የሚያወጣ፣ ጣት የምታህል እንጨት ናት፤ እሱ ሲነፋት ጥንቸል ራሷ ትታለላለች ይባልለታል። ኮዮቴዎቹ ይመጣሉ። አንደኛውን ይምታውም ይሳተውም፣ ቁርጥማት በያዘው አውራ ጣቱ እስኪያቀባብል፣ ዓይኑንም ከማነጣጠሪያው መነጽር አንስቶ እስኪመልስ፣ ሁለተኛው ጉብታውን ተሻግሯል። አሁን አሁን ደግሞ የመጀመሪያውንም መሳት አብዝቷል።

ጎረቤቱ ዌንደል ምክር ለመስጠት እስኪጠየቅ የሚጠብቅ ሰው አይደለም። በኪስ ቦርሳው ውስጥ፣ የልጅ ልጆቹ ፎቶ መቀመጥ በነበረበት ቦታ፣ አንዲት የታጠፈች የኢላማ ወረቀት ይዞ ይዞራል። ወረቀቷ ሦስት ቀዳዳ አላት፤ ሦስቱንም አንዲት ሳንቲም ትሸፍናቸዋለች። አንዱ ጠርዟ ተቀዷል። የሚተኮሰው አምስት ጥይት ነው፤ አራተኛውና አምስተኛው ቀዳዳ የት ሄዱ ብሎ የሚጠይቀው ግን የለም፤ ምክንያቱም በዚያ አገር ያለ ወንድ ሁሉ እንዲህ ጠርዟ የተቀደደ ወረቀት በኪሱ አለችው። ጠመንጃ የሚመረጠው በወረቀት ነው። ለዴልማርም ቢሆን ከዚህ ሌላ መንገድ አልታየውም።

አንድ ቅዳሜ ዴልማር፣ አርዲስና ዌንደል ወደ አሮጌው የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ወረዱ። ዌንደል ከራሱ ሁለት ጠመንጃ አመጣ፤ አንዱ ረጅምና ከባድ፣ ሌላው ቀለል ያለ። ሦስተኛውን ዴልማር ከጠመንጃ ሻጩ ከክሌት ሱቅ ለሙከራ ተውሶ ነበር፤ ሰደፉ የሚሳብና የሚገባ፣ እንደ ሰው ቁመት የሚስተካከል ነው። ሦስቱም ራሳቸው የሚያጎርሱ ነበሩ። አርዲስ ከፔርሙዝ ቡና እየቀዳች የፒካፑ ኋላ ላይ ተቀመጠች።

ዴልማር ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ደግፎ ከከባዱ ጀመረ። ወረቀቱ ላይ ያረፉት ጥይቶች የተጣሉ ዘመዳሞች ይመስሉ ነበር፤ ላለመተያየት ተራርቀዋል። ዌንደል ጥይቱ ነው አለ። ጥይት ቀየሩ። ነፋሱ ነው አለ። ነፋስ አልነበረም። ቀላሉም ያው ሆነ፣ የክሌትም ያው ሆነ። ዌንደል ሰበብ ሲያልቅበት ስለ ጠመንጃ ፋብሪካዎች ክፋት ማውራት ጀመረ።

«እስኪ እኔ ልሞክረው፤ ጠመንጃው ይሁን ሌላ ነገር ይለይልን» አለች አርዲስ፣ ስኒዋን አስቀምጣ።

አርዲስ በልጅነቷ አባቷ መተኮስ አስተምሯት ነበር። ስትዳር ግን ዴልማር የሚያድነው ከወንድሙ ጋር ነበረ፤ እሷ ደግሞ እናታቸው ከሞተችባቸው ግልገሎች ጋር ቤት ትቀር ነበር። ወንድሙ ከሞተ በኋላ ዴልማር ለብቻው ይነፋል፣ ለብቻው ይተኩሳል። እሷ ጠመንጃ አልነካችም፤ ንኪ ያላትም የለም።

ሰደፉ ረዘመባት። መነጽሩ ላይ ለመድረስ በአጥር ላይ ወደ ጎረቤት እንደሚያይ ሰው አንገቷን ሰገግ አድርጋ ተኮሰች። ሦስቱንም ሞከረች። ዴልማርና ዌንደል ወረቀቶቹን ሊያመጡ ሄዱ፤ እንዳዩዋቸው ቆመው ቀሩ። በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀዳዳዎቹ ተቃቅፈዋል። ዌንደል ሳያስበው እጁ ወደ ኪስ ቦርሳው ሄደ፤ ወረቀቷን ግን አላወጣትም።

አርዲስ የሁለቱን ፊት ስታይ ደነገጠች። ዕድል ነው አለች። ፀሐዩም ተስማምቶኛል አለች። ከዚያ የክሌትን ጠመንጃ ለዴልማር አቀበለችውና «ይሄ ጥሩ ነው፤ ትለምደዋለህ» አለችው።

እውነቱን ለመናገር ዴልማር ቅስሙ ተሰበረ። ወደ ቤት ሲነዳ መሪው ላይ ያለውን እጁን አየው፤ ይንቀጠቀጣል። ስንት ጊዜ አይቶ እንዳላየ አልፎታል። የሚተካው ጠመንጃ ነው ብሎ ነበር፤ የደከመው ግን እጁ ነው፣ ለእጅ ደግሞ ሱቅ የለውም። ራት ላይ የበግ ጥብሱን ሳይጨርስ ተነሳ። አርዲስ ሳህኑን ከድና አስቀመጠችለት።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋጣው ገባ። አርዲስ ቀድመው የተወለዱ ሁለት ግልገሎችን ጡጦ እያጠባች ነበር፤ በአንድ እጇ አንድ፣ በሌላው ሌላ። ግልገሎቹ እየዘለሉ፣ በግንባራቸው እየጎነጡ ይስባሉ። ጡጦዎቹ ግን ፍንክች አይሉም። ዴልማር ቆሞ እነዚያን እጆች አያቸው። ክረምቱን ሙሉ የትኛው ጠመንጃ ሲል ነው የከረመው፤ በማን እጅ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀም። ለብቻው ሳቀ። አርዲስ ምን ያስቅሃል ብትለው ግልገሉ ነው አላት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልቡ ቀለለው፤ እንዲያውም ልቡ ቅቤ ጠጣ ቢባል ይሻላል።

ያንኑ ቀን ክሌት ሱቅ ሄደ። ክሌት ወፍራም አፈሙዝ ያለውን እንዲወስድ ወተወተው፤ ሲግል አይዛነፍም፣ ወረቀት ላይ የሚስተካከለው የለም አለው። ዴልማር ግን ጉብታ ለጉብታ ተሸክሞት የሚሄድ ሰው እንዳለ ነግሮት የተዋሰውን ገዛ። ከዚያ ሰደፉን እስከ መጨረሻው አስገባው አለው።

«ለአንተ ቁመት?» አለ ክሌት። «ዴልማር፣ እንዲህ ከሆነ ስትተኩስ መነጽሩ ቅንድብህን ነው የሚመታህ።»

«ቅንድቤን ለኔ ተወው።»

«በጣም ያጥርብሃል እኮ፤ ይሄ የሴት ልክ ነው።»

ዴልማር ኮፍያውን አስተካክሎ አየው። ክሌት ቀስ እያለ ነገሩ ገባው። ከዚያ በኋላ ሰደፉን አሳጠረ፤ መነጽሩንም ወደ ኋላ ስቦ አሰረው።

አንድ ነገር ቀረ። በአሸዋ ከረጢት ተደግፎ የተተኮሰ ወረቀት የሚነግርህ የጋለ ጠመንጃ እንዴት እንደሚተኩስ ነው፤ ኮዮቴ ግን ጠመንጃህን እስክታሞቅ አይጠብቅህም። የሚቆጠረው የመጀመሪያዋ፣ ከቀዝቃዛ አፈሙዝ የምትወጣዋ ጥይት ናት። ይህን ለማረጋገጥ ደግሞ የማይንቀጠቀጥ እጅ ያስፈልጋል። ዴልማር ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ዌንደልን ለመነው። ዌንደል ለማን እንደሆነ ሲሰማ ለአንዴ እንኳ ያለ ምክር እሺ አለ። በየማለዳው ውርጩ ሳይነሳ ከጋጣው ጀርባ ይመጣል፣ በማትለወጥ አንዲት ወረቀት ላይ አንዲት ጥይት ብቻ ይተኩሳል፣ ይሄዳል። አርዲስ ዌንደል ጠዋት ጠዋት ምን ሆኗል ስትል ዴልማር ቁራ እያባረረልኝ ነው ይላታል። የዚያ ሁሉ ማለዳ ጥይት ወረቀቱ ላይ አንድ ቦታ ተሰበሰበ። ዌንደል ለድካሙ የጠየቀው ያችኑ ወረቀት ነበር። ጠርዟ ያልተቀደደ ወረቀት ይዞ ሲዞር ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ግልገሎቹ ወደ ሜዳ በወጡ ሰሞን ዴልማር አርዲስን ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ አብረሽኝ ነይና ቃኚልኝ አላት። ጎህ ሲቀድ ፒካፑን ከጉብታው ጀርባ ትተው፣ ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ወጡ። ከታች በጎቹ ገና አልተነሱም። እንደ አሪቲ የሚሸት ቁጥቋጦ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ዴልማር ጠመንጃ የሚያርፍበትን ባለ መንታ እግር እንጨት ተከለና ጠመንጃውን እሷ ጭን ላይ አኖረው።

«ያዢልኝ» አላት በሹክሹክታ። «እጄን ለመጥሪያው እፈልገዋለሁ።»

አርዲስ ጠመንጃውን ድጋፉ ላይ አሳረፈችና እንደ ዋዛ ወደ ትከሻዋ አስጠጋችው። ዴልማር በጎን ያያት ነበር። አንገቷ አልተሰገገም። ጉንጯ ሰደፉ ላይ ልክ ትራስ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ አረፈ። ፊቷን ስታዞር ግን ዓይኗ ጥያቄ ሞልቶታል፤ እሱም እንዳትጠይቀው ፈጥኖ መጥሪያውን አፉ ውስጥ ከተተና ነፋ።

የጥንቸሏ ጩኸት በሸለቆው ተሰማ። ነፋ፣ አቆመ፣ ደግሞ ነፋ። ከዚያ ከወዲያ ማዶ ሁለት ግራጫ ነገሮች ቁልቁል ሲመጡ ታዩ፤ አንዱ ፊት፣ አንዱ ኋላ። የፊተኛው ቆሞ አየር ሲያሸት አርዲስ ተኮሰች። እዚያው ወደቀ። ሁለተኛው ተፈትልኮ ወደ ጉብታው ሮጠ። ዴልማር መጥሪያውን ጣለና በገዛ ጉሮሮው እንደተመታ የኮዮቴ ቡችላ አጭር ጩኸት ጮኸ። ሯጩ ቆም አለ፤ ዞሮም አየ። ዱሮ በዚህች ቅጽበት ዴልማር ከቀለህና ከጣቱ ጋር ይታገል ነበር። የአርዲስ ዓይን ግን ከመነጽሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛው ተኩስ ተሰማ፤ ሯጩም ወደቀ።

አርዲስ ሰደፉን በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ይሄ ለአንተ አይሆንም» አለችው።

«አይሆንም።»

«ዌንደልስ? የምን ቁራ ነው ያባረረው? እኔ ቁራ አላየሁም።»

«ጎበዝ ስለሆነ ነዋ። አንድ አላስቀረም።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀዘቀዘና ወደ ታች ወደ በጎቹ እያየች፣ «እኔ እኮ ያን ቅዳሜ ሆን ብዬ መሳት ነበረብኝ እያልኩ ስጸጸት ነው የከረምኩት» አለች።

«ስተሽ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዕቃ እያሰርን ነበር፣ አንቺ ሴት።»

ይህን ሲላት ደስታውን አልደበቀም፣ አላፈረበትምም። አርዲስ ገና አንድ ጠዋት ነው፣ ጸደዩ ረጅም ነው አለችው። እሱም ገና ነው ብሎ ተስማማ። ነገ ግን የሰሜኑን ጉብታ መሞከር አለብን አለችና ጠመንጃውን በራሷ ትከሻ አንግታ ተነሳች። ዴልማር ሁለቱን ቀለሆች ከመሬት ለቀመ፣ መጥሪያውን አራግፎ ኪሱ ከተተ። ዕድሜ ልኩን ከአደን ሲመለስ ፊት ፊት የሚሄደው እሱ ነበር። ዛሬ እሷን አስቀደመ።

ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሳትዞር ተናገረች። «ዴልማር፣ ቤት ስንገባ ለሮንዳ ደውልላት። ያስቀባችልንን ክፍል ለስፌት መኪናዋ ታድርገው በላት።»