በተዘጋ በር የተለካ አየር

የሰፈሩ ሰው መካኒኩን «ጆሮ» እያለ መጥራት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። ሌላው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ፣ ካንዴላ ፈትቶ፣ ሦስት ቀን የሚዳክርበትን በሽታ እሱ ሞተሩን ያስነሣና አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ሁለተኛው ፒስተን ጋ ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። በስልክ የሞተር ድምፅ አሰምተው ምክር የሚጠይቁትም ነበሩ። በስልክ የሚሰጠው መልስ እውነት ይሁን ጉራ እሱ ይወቅ፤ መኪኖቹ ግን ይድኑ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ጆሮው ሲደክም ለማን ይናገራል? ከደከመ ሦስት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ የሸሹት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ የበር ደወል፣ የሚስቱ ሹክሹክታ፣ የጠዋት ወፍ። እነሱስ ቢቀሩም ይቀሩ ነበር። ችግሩ የሞተር ማንኳኳትም አብሯቸው መሄዱ ነው። አየር በኃይል የሚነፋለት ቱርቦ ያለው ሞተር ዳገት ላይ ነዳጅ ካነሰው፣ በውስጡ ያለው እሳት ያለጊዜው እየፈነዳ፣ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ የተበተነ ይመስል ቀጭ ቀጭ ይላል። ያን ሰምቶ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያላነሣ ሹፌር ፒስተን ያቀልጣል። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ሰከንድ ይበቃል።

ባለፈው ዓመት የሆነው ይኸው ነው። ባለወፍጮው ከሚስቱ ቀጥሎ፣ ሚስቱ እንደምትለው ግን ከሚስቱ አስቀድሞ፣ የሚወዳት አንዲት አሮጌ ቀይ ባለቱርቦ መኪና አለችው። ጆሮ እሷን ሊያስተካክል ዳገት ይዟት ወጣ፤ ሞተሩ እያንኳኳ ለመነው፣ ጆሮ አልሰማውም፣ ፒስተኑ ተበሳ። ያኔ ከአፉ የወጣው ቃል እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠዋል። «ቤንዚኑ ነው። ማደያው ጋ ውሃ የገባበት ቤንዚን ቀድተውልሃል» አለ። ባለወፍጮውም አመነ፤ የተናገረው ጆሮ ነዋ!

ይባስ ብሎ ባለወፍጮው ሌላ ሞተር አስገጠመና መልሶ ወደ እሱ አመጣት። «ካንተ በቀር ማንም አይነካት!» አለ እየጮኸ። ባለወፍጮው ሁልጊዜ እንደጮኸ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከወፍጮ ጋር እየተፎካከረ ሲያወራ የኖረ ሰው ነው። ጆሮ ሳይጨነቅ የሚሰማው እሱን ብቻ ነበር። የሌላውን ሰው ግን ግማሹን ከከንፈር ይለቅማል፣ ግማሹን ራሱን እየነቀነቀና ፈገግ እያለ ያሳልፋል። ይህችኛዋ ሞተር ከቀለጠች ግን በፈገግታ የምታልፍ አይደለችም። ጋራዡን ዘግቶ ቤቱ ከመቀመጥ ሌላ ዕጣ እንደሌለው ያውቀዋል።

ስለዚህ ለማንም ሳይነግር መለኪያ አስመጣ። መለኪያው ጣት የምታህል ሴንሰርና ቁጥር የሚያሳይ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ሴንሰሩ ጭስ መውጫው ቱቦ ላይ ይታሰርና ከአንድ እጅ ነዳጅ ጋር ስንት እጅ አየር እንደተቃጠለ ይናገራል። መኪናዋ ቆማ ስታንጎራጉር የመለኪያው መሐል የሆነውን አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ካለ ደግ ነው። ዳገት ላይ ቱርቦው ሲነፋ ደግሞ ቁጥሩ ወርዶ አሥራ አንድ ተኩል ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ ከወጣ ነዳጅ አንሷል፤ ከወረደ በዝቷል። ጆሮው የከዳውን ዓይኑ ሊተካ ነው ማለት ነው።

የመለኪያው መመሪያ አንድ ነገር አጥብቆ ያዝዛል፤ ሴንሰሩ ከመታሰሩ በፊት ንጹሕ አየር ላይ ይሙቅ፣ ንጹሕ አየር ምን እንደሆነም ይወቅ ይላል። ንጹሕ አየር ያለው ደጅ ነው። ደጅ ላይ ደግሞ ጎሚስታው አለ፤ ጎማው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ሲጠብቅ የሚውል፣ ያየውን ለማሳደር ሆዱ የማይችል ጎረቤት። «ጆሮ በመሣሪያ መሥራት ጀመረ» የሚለው ወሬ ለምሳ ሳይደርስ ሰፈሩን ያዳርሳል። ጆሮም ሁለቱን የብረት በሮች ጠረቀማቸው። ቀይዋ መኪና ግማሽ ሰዓት ስትሞቅ ቆይታ ጭሷ ጣሪያው ሥር ተኝቷል፤ ጠረጴዛው ሥር ዕቃ የሚያጥብበት ቤንዚን በሳፋ ተቀምጧል። ዓይኑ እያነባ፣ እያሳለው፣ ሴንሰሩን በእጁ ይዞ ጠበቀ። ሰሌዳው ላይ አረንጓዴ መብራት በራ።

«በቃ፣ አወቀ» አለና አሰረው።

በማግሥቱ ጠዋት ብቻውን ዳገቱን ወጣ። ቆማ ሳለች ቁጥሩ ቀጥ ብሎ አሥራ አራት ነጥብ ሰባት ላይ ነበር፤ በዚህ አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ዳገቱ ላይ ግን አሥር ነጥብ ስምንት አለ። ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ወርዶ የነዳጅ መቆጣጠሪያዋን ብሎን በካቻቢቴ ትንሽ አዞረና ቀነሰ። እንደገና ሲወጣ ዓይኑን ሰሌዳው ላይ ተክሎ መታጠፊያውን ሊስተው ምንም አልቀረውም። በዓይን መስማት መንገድ ከማየት ጋር አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ወደ ቤት ተመልሶ ልጁን ይዟት መጣ።

ልጁ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ ያን ቀን ዕረፍቷ ነበር። ስለ መኪና የምታውቀው ቤንዚን ሲያልቅ እንደምትቆም ነው።

«የምታዪውን ቁጥር ጻፊልኝ» አላት ብዕርና ደብተር እየሰጠ። «ንገሪኝ» አላለም።

ሁለቴ ወጡ። አሥራ አንድ ነጥብ አንድ ጻፈች፤ ነዳጁን ቀነሰ። አሥራ አንድ ነጥብ አራት ጻፈች። ትንሽ ብቻ ቀረን አለና ብሎኑን አንድ ጊዜ ጨምሮ አዞረው። ሦስተኛው ላይ፣ ቱርቦው ነፍቶ ወንበሩ ወደ ኋላ ሲስባቸው፣ ልጅቷ ብዕሩን ጣለች።

«አባዬ፣ ይሄ የሚንኳኳው ምንድን ነው?»

ጆሮ ዝም።

«አባዬ!» ትከሻውን ይዛ ነቀነቀችው። ዞሮ ከንፈሯን አየ። «የሚንኳኳ ነገር አለ! ጠጠር እንደሚበተን ዓይነት! አይሰማህም እንዴ?»

እግሩን አነሣ። መኪናዋን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። መሪውን ግን አልለቀቀም።

«አይሰማኝም» አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጥርሱ ውስጥ የኖረች ቃል ናት፤ ስትወጣ ግን ቀላል ነበረች። «ልጄ፣ አልሰማም። የባለወፍጮውን ሞተር አምና ያቀለጥኩት እኔ ነኝ። ቤንዚን ነው ብዬ ዋሸሁት። አሁን ደግሞ በዚህ መለኪያ ላድናት ስል ይኸው ልደግመው ነበር።»

 ልጅቷ ወደ እሱ ዞራ፣ ከንፈሯ እንዲታየው አድርጋ፣ ረጋ ብላ ተናገረች። «አለመስማትህን እኮ እቤት ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ቴሌቪዥኑን ለማን ብላ የምታስጮኸው ይመስልሃል? አንተ እስክትነግረን ነው የጠበቅነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ እውነታቸውን ነው።»

ጆሮ ይሳቅ ይልቀስ ጨነቀው። ለሦስት ዓመት የለፋበት ምስጢር ቤተሰቡ ራት እየበላ ሲጠብቀው ኖሯል።

«ይልቅ» አለች ደብተሩን እያገላበጠች፣ ድምፅዋም የሥራ ድምፅ ሆነ፣ «ይሄን መለኪያ በምን አስተካከልከው? እኛ ጋ ማሽኑ ጠዋት ጠዋት የታወቀ ነገር ይለካል፤ እሱን ከሳተ የታማሚ ደም አይሰጠውም።»

«በንጹሕ አየር ነው የሚስተካከለው።»

«የት ቦታ?»

«ጋራዥ ውስጥ።»

«በሩ ክፍት ነበር?»

ጆሮ አልመለሰም። በዚህ ጊዜ ግን ሳይሰማት ቀርቶ አልነበረም።

«አባዬ! ጭሱን ንጹሕ አየር ነው ብለህ አስተማርከው እኮ!» አለች ልጅቷ።

«ቆማ ሳለችኮ ልክ ነበረች!»

«መሐሉ ልክ ቢሆን ጫፎቹ ልክ ናቸው ማለት አይደለም። ከመሐል በራቅክ ቁጥር ያጋንንልሃል። ነዳጅ በዛ ያለህ ሳይበዛ ነው፤ አንተ ደግሞ አምነኸው ቀነስክ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን ጆሮ ለሰው ሲናገረው ኖሯል፤ ያን ቀን ለራሱ ደረሰው።

በቀስታ ወደ ጋራዡ ተመለሱ። አሁን የቀረችው ጥያቄ አንዲት ናት፤ ሞተሯ ተርፋለች ወይስ አልተረፈችም? እሳት የሚጭሩትን አራቱንም ካንዴላዎች ፈታ። ፒስተን መቅለጥ ከጀመረ ነጩ ሸክላቸው ላይ የብረት ፍንጣሪ እንደ ብናኝ ይታያል። መነጽሩን አድርጎ፣ አጉሊ መስታወት ይዞ፣ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያዞረ አየ። አንደኛው ንጹሕ። ሁለተኛው ንጹሕ። ሦስተኛው ላይ ጥቁር ነጥብ አየ፤ በጥፍሩ ሲነካው ጥቀርሻ ነበር። አራተኛው ንጹሕ። ዓይኑን ስላላመነ ልጁም እንድታይለት ሰጣት። እሷም አይታ «ንጹሕ ናቸው» አለች።

«ተመስገን!» አለና ካንዴላዎቹን መልሶ ገጠማቸው። 

ከዚያ ሁለቱንም በሮች በረገዳቸው። ሴንሰሩን ፈትቶ፣ ሽቦውን አስረዝሞ፣ ነፋስ ባለበት መንገድ ዳር ወጥቶ እንደ ሻማ ይዞት ቆመ። ጎሚስታው ከጎማው ላይ ተነሣ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ በጩኸት።

«መለኪያ ነው። ጆሮዬ ስለደከመ በዓይኔ ነው የምሠራው።»

«እፎይ!» አለ ጎሚስታው ጉሮሮውን እየያዘ። «ተናገርከው? ሁለት ዓመት ሙሉ ‹እንደምን አደርክ› ለማለት ስጮኽ ሚስቴ ከጎረቤት የምጣላ መስሏት!»

አረንጓዴው መብራት እንደገና በራ። ሴንሰሩን አስሮ፣ የመጨረሻዋን የብሎን ዙር ብቻ መልሶ፣ ነዳጅ መስጫውን ትንሽ ብቻ እየረገጠ ከልጁ ጋር በዝግታ ዳገቱን ሞከረ። ልጅቷ አሥራ አንድ ነጥብ አራት ብላ በጻፈችበት ቦታ ሰሌዳው አሁን አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት አለ። ጆሮ ወዲያው እግሩን አነሣ። አንዲት ዙር ያህል ከጥፋት ተርፎ ነበር። ነዳጁን ጨመረ፣ ወጡ፤ ጨመረ፣ ወጡ። በመጨረሻ በሙሉ ጉልበቷ አሥራ አንድ ነጥብ ስድስት ላይ ጸናች።

«ምን ይሰማሻል?» አላት።

«ሞተሩ ብቻ። የሚንኳኳ የለም» አለችና ዞር ብሎ እንዲያያት ጠብቃ ደገመችለት።

ከሰዓት በኋላ ባለወፍጮው ዱቄቱን ከጫማው ሳያራግፍ ደረሰ። ጆሮ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት ሁሉንም ነገረው፤ የአምናውን፣ የጆሮውን፣ የቤንዚኑን ውሸት። እየተናገረም ዓይኑን አላነሣም። ባለወፍጮው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ፤ ዝምታው ከወፍጮው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

«አንተ ሰው!» ሲል ፈነዳ በመጨረሻ። «ነዳጅ ማደያው ያሉትን ሽማግሌ ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነስቻቸዋለሁ እኮ! ቤንዚናቸው ውሃ ነው ብዬ ያልነገርኩት ሰው የለም! የልጄ ሠርግ ላይ እንኳ አልጠራኋቸውም!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«የአንተ ነው እንጂ የማን ሊሆን ነው!» ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ወደ መኪናዋ አየ፣ ወደ ልጅቷ አየ፣ ወደ ጆሮ አየ። ከዚያ የመኪናዋን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወረወረለት። «ግባ። አንተ ንዳ። አብረን ሄደን ይቅርታ እንጠይቃለን። ሞተሯ መዳኗንም በመንገድ እያየሁ አምንሃለሁ።»

ነዳጅ ማደያው ዋናው መንገድ ዳር ነው፤ የጭነት መኪኖች እየጮኹ ያልፋሉ። ሽማግሌው ቀይዋን መኪና ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ። ጆሮ ወርዶ ፊታቸው ቆመና ውሸቱ የእሱ እንደነበረ፣ ቤንዚናቸው ምንም እንዳልነበረበት፣ ባለወፍጮውም በእሱ ቃል ተሳስቶ እንዳኮረፋቸው ነገራቸው። ባለወፍጮው ከኋላ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀ። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ሲሚንቶ የጫነ መኪና እያለፈ ነበርና አንዲት ቃል እንኳ ጆሮ ጋ አልደረሰችም።

እርግማን ሊሆን ይችላል፤ ምርቃትም ሊሆን ይችላል። ጆሮ ራሱን ሊነቀንቅ ጀምሮ ተወው።

«ጋሼ፣ አልሰማሁዎትም» አለ። «ጆሮዬ ደክሟል። እባክዎ ጮክ ብለው ይድገሙልኝ።»

ሽማግሌው ቀረብ አሉ። ትከሻውን ያዙና አፋቸውን ወደ ጆሮው አስጠግተው ማደያው እስኪሰማ ጮኹ።

«ሙሉ ላድርጋት ወይ ነው ያልኩህ!»