ከሐሙሲት በላይ ባለው ጅረት

የብርጓል ከባሏ ጋር ከሚኒባስ ወርዳ ዳገቱን ስትጀምር ቦርሳዋን በብብቷ ጨብጣ ነበር። ቦርሳው ውስጥ ያለው ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ሐዋሳ ሄዳ ሦስት ዓመት እንድትማር ተፈቅዶላታል፤ መልሷን እስከ ሰኞ ይጠብቃሉ። ባሏ ቃለ ሕይወት ግን ወሬውን አልሰማም። ማታ ልንገረው ትላለች፤ ሲመሽ ደግሞ ጠዋት ይሻላል ትላለች። እንዲህ ስትል ጥቅምት ተጋመሰ።

ቃለ ሕይወት ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነው። በወጣትነቱ ባሌ ተመድቦ ሳለ፣ ትራውት የሚሉትን የብርድ አገር ዓሣ በላባ ዝንብ ማጥመድ ለምዶ መጣ። እዚህ ትራውት የለም። እሱ ግን ከጣና ወደ ወንዞቹ ሽቅብ የሚወጣውን ነጭ ዓሣ በዚያው ብልሃት ይሞክረዋል። የዶሮ ላባ መንጠቆ ላይ በቀጭን ክር ጠምጥሞ ዝንብ ያስመስላል። ባልደረቦቹ “መረብ እያለ!” እያሉ ይስቁበታል። የብርጓል ግን መንገዱ ሰላም በሆነ ሰሞን ሁሉ አብራው ትወጣለች፤ ከተጋቡ ዐሥራ አንድ ዓመታቸው ነው።

ዛሬ ግን ጅረቱ ዘንድ ደርሰው ማጥመድ ሲጀምሩ እጇ አልታዘዝ አላት። መጀመሪያ መንጠቆዋ የዶቅማ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰካ። ቀጥሎ ድንጋይ አዳልጧት ውሃውን አንቦጫረቀችው።

“የብሬ፣ ዓሦቹ ጥላሽን እያዩ ይሸሻሉ። እስቲ ትንሽ ቁጭ በይ” አላት።

“ተቀምጬ ምን ልሁን?”

“ምን ነካሽ ዛሬ?”

“ምንም” አለችና ጅረቱ ወደሚያቁርበት ላይኛው ኩሬ ሄደች። እዚያም አልቆየች፤ ወደሚቀጥለው አለፈች። በየኩሬው ‘አሁን ተመልሼ እነግረዋለሁ’ ትላለች፤ እግሯ ግን ሽቅብ ይወስዳታል።

አራተኛው ኩሬ ዘንድ ስትደርስ ውሃው መልኩን ቀይሮ አገኘችው። ጥርት ያለው ጅረት ደፍርሶ፣ ቅጠልና ገለባ ተሸክሞ ይወርዳል። ቀና ስትል በጉና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የማጥመጃ ዘንጓን ጥላ ቁልቁል ሮጠች።

ቃለ ሕይወት ጅረቱ መካከል ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ዓሣ ይዞለት ዘንጉ ተለምጧል።

“ደራሽ መጣ! ውጣ!”

“አንዴ! ትልቅ ነው!”

“ውጣ ስልህ!”

አልወጣም። እስከ ጉልበቷ ገብታ ቀበቶውን ጨምድዳ ጎተተችው። ተያይዘው ዳር ላይ ወደቁ፤ ዘንጉ ከነዓሣው ሄደ። ወዲያው ጎርፉ እያጓራ ደረሰና ድንጋዩን ዋጠው።

“ለአንድ ዓሣ ብለህ ልትሞትብኝ!” ብላ ጮኸችበት። በዚያው ትንፋሽ ሌላውም ወጣ፤ “ሐዋሳ ልሄድ ነው። ለትምህርት፣ ሦስት ዓመት። ሰኞ መልስ እሰጣለሁ። ሦስት ሳምንት ደበቅሁህ።”

ቃለ ሕይወት ካልሲውን አውልቆ ጨመቀ።

“ለምን?”

“ፈራሁ። ቅሪ ካልኸኝ የምቀር መስሎኝ ፈራሁ።”

“ቅሪ ማለትማ አሁንም አፌ ላይ ነው” አለ። “አልልም። አንቺ ቤት ውስጥ እየተቁነጠነጥሽ ስትኖሪ ማየት አልፈልግም። መደበቅሽን ግን ቶሎ አልረሳውም።”

ሐሙሲት ወርደው እርጥብ ልብሳቸውን እንደለበሱ ሻይ ጠጡ። እሱ ብርጭቆውን እያየ፣ እሷ አላፊ አውቶቡሶችን እያየች። ሰኞ እሺ ብላ ጻፈች። ኩርፊያው እስከ ኅዳር ዘለቀ፤ ሻንጣዋን ግን እሱ ራሱ አሰረላት።

ሐዋሳ ከገባች በኋላም ልቧ አልረጋ አለ። ማንበብ ትጀምርና ስልኳን ታያለች። ሲደውል ወሬው አጭር ነው፤ “ደህና ነሽ? በርቺ” ብቻ።

በመጋቢት ፈቃድ ወስዶ መጣ፤ ሁለት ቀን መኪና ላይ ተንገላቷል። መናኸሪያው ውስጥ ሲወርድ ስታየው፣ ቂሙ እንዳለ ይሆን ብላ በሩቁ ፊቱን መረመረች። አቧራ ለብሶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ተሳፋሪውን እየገፋ መጣና አቀፋት።

“ክፍልሽ ሩቅ ነው?” አላት። “እንቅልፍ ሊገድለኝ ነው።”

ቦርሳውን ተቀብላው ባጃጅ ልትጠራ ወጣች።