ደራ ላይ የማይታየው ቪዲዮ

ፈዬራ ኪቦርዱን ከነገመዱ መንጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ቁልፎቹ እንደ ቆሎ ተበታተኑና አንዱ ሜቲን ጉንጯ ላይ መታት።

"ሆን ብላ ነው" አለ ወደ ሽማግሌው ወደ አቶ ሰንበታ ዞሮ። "ወንድሟን ልታድን ነው። በኮምፒውተር እንጀራ የምትበላ ሰው አንድ ቪዲዮ ማሳየት ያቅታታል?"

ሜቲ ጉንጯን በመዳፏ ያዘች። የፈዬራ ታናሽ ወንድም ኢፋ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ እዚሁ አዳማ፣ ከዚሁ ከኮምፒውተር ሱቋ ደጃፍ፣ በባጃጅ ተራ ጠብ በብረት ተመቶ አንድ ዓይኑ ፈሷል። የመታው የሷው ታላቅ ወንድም ምልኬሳ ነው። ሲመታ የቀረጸው ደግሞ በሯ ላይ የሰቀለችው ካሜራ ነው። ሰው ሌባ እይዛለሁ ብሎ ካሜራ ሰቅሎ የገዛ ወንድሙን ይይዛል፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ምልኬሳ፣ ኢፋ ጩቤ ስለመዘዘብኝ ራሴን ተከላክዬ ነው ይላል። የነኢፋ ቤተሰብ ጩቤ የሚባል ነገር አልነበረም ይላል። ነገሩ በቪዲዮው ይለይ ተባለ። ግን ሽምግልናውን የሚመሩት ታላቁ ሽማግሌ ኦቦ ገመዳ ያሉት ደራ ከተማ ነው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ አይወርዱም። ታላቁ ሳያይ ታናሽ ሽማግሌ ቀድሞ ካየ፣ ፍርዱን ቀድሞ ያዘ ተብሎ እርቁ ይፈርሳል። በቴሌግራም እንዳይላክላቸው ደግሞ ቪዲዮው አንዴ ከሱቁ ከወጣ በሰዓታት ውስጥ ቲክቶክ ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ደም መቃባት ብቻ ነው። ስለዚህ ኦቦ ገመዳ በቪዲዮ ጥሪ ከሜቲ ስክሪን ላይ እንዲያዩት፣ አዳማ ያሉትም አብረዋቸው እንዲያዩ ተወሰነ። እዚህ ሽምግልናውን የያዙት ጡረተኛው መምህር አቶ ሰንበታ የሁሉንም ስልክ በፌስታል ሰብስበው እግራቸው ሥር አስቀመጡ።

እንግዲህ ኮምፒውተሩ አስቸገረ። ሜቲ ቫይረስ የስንቱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ከበላባት ወዲህ፣ ያንን የኮፒ ዊንዶውስ ነቅላ ጥላ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ጭናለች። የጥሪው ፕሮግራም ገና ሲከፈት ይህን ሲስተም አላውቀውም አለ። በብሮውዘር ስትሞክረው ጥሪው ተሳካ፤ የኦቦ ገመዳ ፊት ልጃቸው ቦንቱ በያዘችላቸው ታብሌት በኩል ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ አካም ጅርቱ ብለው ሰላምታ ተለዋወጡ። ስክሪኗን ስታጋራ ግን ከደራ የመጣው መልስ አንድ ነው፦ ጨለማ ነው የሚታየን። አጥፍታ ከፈተች፤ ጨለማ። ሦስተኛውም ጨለማ ሲሆን ነው ፈዬራ ኪቦርዱን ያነሳው።

አሁን ደግሞ እጁ ወደ እሷ ተሰነዘረ። ጥፊው ከመድረሱ በፊት ከማዶ ተቀምጦ የነበረው ምልኬሳ ከወንበሩ ተወርውሮ አፍንጫው ላይ ቦክስ አሳረፈበት። ሁለቱም ተያይዘው የመስታወቱ መደርደሪያ ላይ ወደቁ። መስታወቱ ፍርክስክስ አለ። ፈዬራ ከሥር ሆኖ የምልኬሳን ጆሮ ነከሰ፤ ምልኬሳ ጸጉሩን ይዞ ጭንቅላቱን ከወለሉ ጋር አጋጨው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ሦስተኛውን አቶ ሰንበታ በከዘራቸው ክንዱን መትተው አስጣሉት። ሲለያዩ የሁለቱም ሸሚዝ በደም ተለውሷል፤ የማን ደም እንደሆነ እንኳ አይለይም።

ምልኬሳ እያለከለከ እህቱ አጠገብ ተቀመጠ። ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ፣ "እንደዚሁ ተይው። አልሰራም በያቸው" አላት።

ሜቲ ወንድሟን ጠላችው። አሁን ስለ እሷ ብሎ ሰው እንዳልደበደበ! ቪዲዮውን ጠቡ በተነሳ በማግስቱ በሯን ዘግታ አይታዋለች። ጩቤ የለም። ኢፋ ጎንበስ ብሎ የባጃጁን ጎማ እያየ ነበር። ምልኬሳ የጎማ መፍቻውን ብረት ይዞ ከኋላ መጣ፤ ኢፋ ቀና ብሎ ሲዞር ዓይኑ ላይ አሳረፈበት፤ ከወደቀም በኋላ ደገመው። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የጨለማውንም ነገር ቢሆን፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የመጀመሪያው ጨለማ በእርግጥ አደናግሯት ነበር። ሁለተኛው ላይ ግን ገባት፤ ከሲስተሙ ወጥታ፣ የይለፍ ቃል ከሚጠየቅበት ገጽ ጥግ ላይ የቀድሞውን የስክሪን አሠራር መርጣ ብትገባ ጨለማው ይለቃል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እሷ ግን ያንኑ ስህተት ሦስተኛ ጊዜ ደገመችው። ፈዬራ ግማሹን ልክ ነበር።

ከደራ የኦቦ ገመዳ ድምፅ መጣ። ግብግቡን ሁሉ ሰምተዋል።

"ሰንበታ፣ ማሽኑ እምቢ ካለ በማሽን አንጣላም። ምስክር የሌለው ነገር በመሐላ ያልቃል። ልጁ ይማል። ከማለ በኋላ ግን የነኢፋ ቤት ዳግም አይጠይቅም።"

"እምላለሁ" አለ ምልኬሳ፤ አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀም።

አቶ ሰንበታ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ አጋደሙ። የሚምል ሰው በልጁ ስም ምሎ ይሻገረዋል። ምልኬሳ ያለችው አንዲት ልጅ ናት፤ ጂጂ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላት፣ ሜቲን አክስቴ ማለት ገና የጀመረች። ከዋሸሁ ጂጂ አትደግልኝ ሊል ነው፣ ውሸት መሆኑን እያወቀ።

ፈዬራ የአፍንጫውን ደም በእጅጌው ጠረገ። አሁን አይጮኽም፤ ይህ ደግሞ ከጩኸቱ የባሰ ነበር።

"ይማል" አለ። "ከዚህ በር ስንወጣ እኔም እሱም መንገዱን እናውቀዋለን።"

ምልኬሳ ሊነሳ ሲል ሜቲ፣ "አቶ ሰንበታ፣ ትንሽ ይታገሱኝ" አለች። ለሽያጭ ካስቀመጠቻቸው አንድ አዲስ ኪቦርድ ማሸጊያውን ቀድዳ አወጣችና ሰካች። ከሲስተሙ ወጣች። ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት ነክታ የቀድሞውን መረጠች፤ የይለፍ ቃሏን አስገባች። ሊንኩን እንደገና ስትከፍት ቦንቱ አነሳች።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ምልኬሳ በቀስታ፤ ተመልሶ ተቀምጦ።

እሷ ቪዲዮውን ከፈተች። ከጠረጴዛው ሥር ቀኝ እጇን አፈፍ አድርጎ አንጓዋን ጠመዘዘው። ሕመሙ እስከ ትከሻዋ ወጣ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

"እሰብረዋለሁ" አላት በጥርሱ።

"ስበረው" አለችው፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም። "እኔን ብትሰብረኝ እጠገናለሁ። በልጅህ ግን አትምልም።"

አቶ ሰንበታ ከዘራቸውን ከወለሉ አነሱ። ምልኬሳ አልለቀቃትም። በግራ እጇ ማውሱን ስባ የማጋሪያውን ቁልፍ ተጫነች።

ከደራ አንድ ሰው በረጅሙ ሲተነፍስ ተሰማ፤ ቦንቱ መሰለች።

"ታየኝ ልጄ" አሉ ኦቦ ገመዳ። "ባጃጁ ታየኝ። ሁለት ሰው ቆሟል። ከየት ነው የምንጀምረው?"

ቪዲዮው የተከፈተው ቀድሞ ከቆመበት ከመሃል ነው፤ ኢፋና ምልኬሳ ፊት ለፊት ከሚተያዩበት፣ ማን ወደ ማን እንደመጣ ከማይታወቅበት። ከዚያ ቢጀምር ወንድሟ የሚለው ነገር ሊኖረው ይችል ነበር። ሜቲ በግራ እጇ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ኢፋ ጎንበስ ብሎ ጎማ ወደሚያይበት።

"ከዚህ ነው አባቴ" አለችና አስጀመረችው።