ወደ ኋላ የምትሰጥ ኳስ

በ1974 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለደባርቅ ስፖርት ኮሚቴ አንድ ደብዳቤና አንድ ኳስ መጣ። ብሔራዊ የሴቶች ራግቢ ቡድን ሊቋቋም ስለሆነ ደባርቅና ዳባት አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሴት አሰልፈው እንዲጋጠሙ፣ አሸናፊው ለብሔራዊው ቡድን እንዲታጭ ደብዳቤው ያዛል። የኮሚቴው ሊቀ መንበር ጓድ ያርጋል ራግቢ የሚባል ነገር አይቶም ሰምቶም አያውቅም። ኳሱ ሞላላ ሆኖ ሲያገኘው መኪና ላይ ተጨፍልቋል ብሎ ሊያቃናው ሁለት ቀን ድንጋይ ጫነበት።

ሴቶቹን ግን በአንድ ቀን አገኘ። አለቃቸው ማንጠግቦሽ ሆነች፤ ወፍጮ ቤት የገብስ ጆንያ ተሸካሚ፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ናት። በመጀመሪያው ልምምድ የቡድን ጓደኛዋን ስንቄን ይዛ ስትጥላት ደንግጣ ይቅርታ ጠየቀቻት። ስንቄ አፈሩን እያራገፈች ሳቀችና "እስቲ ድገሚው" አለቻት። ከዚያ በኋላ ከልምምድ የሚቀር ጠፋ።

ችግር የመጣው የእንግሊዝኛ አስተማሪው አለነ ከደብዳቤው ጋር ተያይዞ የመጣውን የጨዋታውን ሕግ ወረቀት ተርጉሞ ያነበበ ቀን ነው።

"ኳስ በእጅ የሚሰጠው ወደ ኋላ ብቻ ነው" አለ።

"ወደ ኋላ?" አለ ያርጋል።

"እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጓድ።"

"አብዮቱ ወደፊት እየገሰገሰ የደባርቅ ሴት ሕዝብ ፊት ቆማ ወደ ኋላ ትወረውራለች?"

ኮሚቴው ሦስት ቀን ተሰብስቦ ወደ ኋላ መስጠት አድኃሪ አሠራር ስለሆነ ክልክል ነው ሲል ወሰነ። የዳባት ኮሚቴ ምልዓተ ጉባኤ ስላልሞላለት ምንም አልወሰነም፤ ሴቶቹ ዝም ብለው ሕጉን ተማሩ።

በግጥሚያው ቀን ዳኛው አቶ ገብረ ኪዳን ወረቀቱን በአንድ እጃቸው፣ ፊሽካቸውን በሌላው ይዘው ገቡ። ደባርቆች ኳሷን ወደፊት በሰጡ ቁጥር እሳቸው ይነፋሉ። እረፍት ላይ ዳባት ስምንት ለባዶ ይመራ ነበር።

ማንጠግቦሽ ጓደኞቿን ሰበሰበች። "ወደፊት ስንሰጥ ዳኛው ይነፉብናል። ወደ ኋላ ብንሰጥ ኮሚቴው ይከሰናል። እንግዲያው ለማንም አንሰጥም።"

ኳሷን ደረቷ ላይ አቅፋ ጎንበስ አለች። የዳባት ሴቶች ሲይዟት አሥራ አራቱ ከኋላዋ ተያይዘው ገፏት፤ ሁሉም እንደተጣበቁ ቀስ እያሉ የዳባትን የግብ መስመር አለፉ፤ ማንጠግቦሽ ኳሷን መሬት አስነክታ አራት ነጥብ አገኘች። አቶ ገብረ ኪዳን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አገላብጠው መራመድ አለመከልከሉን አረጋገጡ። ደባርቆች በጠቅላላው ሦስት ጊዜ እንዲሁ አደረጉ፤ አሥራ ሁለት ለስምንት አሸነፉ።

ያርጋል ዓይኑ እንባ አቅርሮ መጣ። "አየሽ? ወደፊት ብቻ።"

"የገፉኝ እኮ ከኋላዬ ናቸው፣ ጓድ" አለች ማንጠግቦሽ፤ ጉልበቷ ይደማ ነበር።

በሚያዝያ ሁለተኛ ደብዳቤ መጣ። የደባርቅ ሴቶች ብሔራዊ ቡድን ሆነዋል፤ የሚጋጠማቸው አገር እስኪገኝ ባሉበት ይጠባበቁ ይላል። አገሩ ሳይገኝ ክረምት ገባ። የዳባት ሴቶች ነገሩን ሰምተው በየገበያው ቀን በአውቶቡስ እየመጡ ይጋጠሟቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ጭቃ ውስጥ ሲሟሟቁ ስንቄ ጠየቀች፦

"ለየትኛው አገር ነው የምንዘጋጀው?"

"ለመጣው" አለች ማንጠግቦሽ፤ ቀሚሷን ሰብስባ ሱሪዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሜዳው ገባች።