የዝናቡ ቀን ሚዛን

መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ «ቋጣሪዋ» ይለኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። በፀሐይ ኃይል ብቻ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚበር፣ ሰው የማይሳፈርበት አውሮፕላን ስንሠራ፣ ወደ ውስጡ የሚገባው ዕቃ ሁሉ በኔ ሚዛን ያልፋል። ክብደት ከበዛ፣ ቀን የተጠራቀመው ባትሪ እስኪነጋ አያደርሰውም። ስለዚህ ለአንዲት ብሎን እንኳ ከሰው ጋር እጨቃጨቃለሁ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «እሷ እኮ ትንፋሻችንንም ትመዝናለች» እያለ ያስቅብኝ ነበር።

ክንፉን የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔንም እዚያ ያስገባኝ እሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ስስ እንጨት ሲያጣብቅ የኖረ፣ እጁ የተባረከ ሰው።

ክንፎቹን ሽፋን ሳይለብሱ የመዘንኩ ቀን፣ ዝናቡ ከጀመረ ሳምንት ሆኖት ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ከታሰበው ሦስት መቶ ግራም በለጡ። ወንድሜ ክንፎቹ ከአካሉ በሚጋጠሙበት ቦታ ማጠናከሪያ ጥብጣብ ለጥፎ ነበርና፣ በሰው ሁሉ ፊት «ጋሼ፣ ይሄ ይነሳ» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ጋ እኮ አቅም ያንሰዋል።»

«ሚዛን አይዋሽም።»

ቀና ብሎ ዝናቡ የሚደበድበውን ጣሪያ አየ። ከዚያ ጥብጣቡን ላጠው።

ክረምቱ አልፎ ለበረራ ሲዘጋጅ አውሮፕላኑ ከጠበቅነው ቀለል ብሎ ተገኘ። የኔ ቁጠባ መሰለኝ፤ ደረቴን ነፍቼ በተረፈው ግራም ባትሪ አስጨመርኩበት። በበረራው ሁለተኛ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ ሲያናውጠው ግራ ክንፉ ከመጋጠሚያው ተሰበረ። መርማሪዎቹ «የማጣበቅ ጉድለት» ብለው ጻፉ። ወንድሜ «ሙጫው የኔ ነው» ብሎ ፈረመና ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ክንፍ የሚያሠራው አላገኘም። እኔ ደግሞ «ምነው ደህና አድርገህ ብታጣብቀው ኖሮ» ብዬዋለሁ። ምላሴን በቆረጠው።

ባለፈው ሳምንት፣ ድርጅቱ ተዘግቶ ዕቃ ስናወጣ፣ በዚያ የዝናብ ቀን የመዘንኩት አንድ መጠባበቂያ ክንፍ ተገኘ። ማንም አልነካውም። ልማድ ሆኖብኝ ሚዛን ላይ ሰቀልኩት። ያኔ ከመዘገብኩት መቶ ስልሳ ግራም ቀንሷል። ደግሜ መዘንኩት፤ ያው ነው። ለካ እንጨቱ በዚያ ሳምንት እርጥበት ጠጥቶ ኖሯል። እኔ ውኃ መዝኜ የወንድሜን ሥራ አስላጥኩት።

ሁለቱን ልኬት የጻፍኩበትን ወረቀት ይዤ ወደ አለቃችን ሮጥኩ። «አሁን የምርመራውን ሪፖርት ለማን ብለን ነው የምናስተካክለው? ሁሉም ተበትኗል» አለኝ።

ወንድሜ ቤት ስደርስ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። አልደነገጠም።

«ዝናቡን ሰምቼው ነበር» አለኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«ሰው ሁሉ ቆሞ? ገና ሰው ሊያምንሽ የጀመረ ሰሞን ነበር። ላሳፍርሽ? ክንፉም ይችለዋል ብዬ ነበር።»

እንባዬ መጣ። «ምናለ ባሳፈርከኝ» አልኩት።

ራሴን ዳበስ ዳበስ አደረገኝ። «አሁን ስንት ሆነ አልሽኝ?» አለ። ነገርኩት። በጣቱ ጉልበቱ ላይ የሁለቱን ክንፎች ደመረ።

«ለጥብጣቡ ይበቃ ነበር» አለ።

«ይተርፍ ነበር፣ ጋሼ።»